«ያክ ልፋት አይጠይቅም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በኮሎራዶ ባለን ሐበሾች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ከዴንቨር ወጣ ብላችሁ ሁለት ኤከር መሬት ግዙ፣ አንድ ያክ፣ ያንን ረጅም ፀጉር ያለውን የቲቤት ደጋ ከብት፣ አስገቡበት፣ የቀረውን እንስሳው ራሱ ይወጣዋል። ያክ የላምን ሲሶ ነው የሚበላው፤ ብርድ አይፈራም፤ ሐኪም አይፈልግም፤ ከበግ ጋር ቀላቅላችሁ ማሰማራት ትችላላችሁ። ወተቱም ሥጋውም ፀጉሩም ገንዘብ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ያክ ወደ አገር ቤት ተወስዶ በመንዝ፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ይርባ ይላሉ።

ጽሑፉን አንብበው የደወሉልኝ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ቀብድ ሊከፍሉ ደርሰዋል። እኔ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ከብት ስጠብቅ ነው። አሁን ኮሎራዶ ተራራ ላይ ጥቂት ያኮች ባሉበት እርሻ እሠራለሁ። ይህን እንስሳ እወደዋለሁ፤ ዝም ማለት ያቃተኝም ስለምወደው ነው። ጸሐፊው ወገናቸው መሬት እንዲይዝ፣ ከብት እንዲያረባ መመኘታቸው ደስ ይለኛል። የሰጡት ምክር ግን እንዳለ ከተተገበረ መጀመሪያ የሚሠቃየው ያኩ ነው። ቀጥሎ የሰዉ ቁጠባ ይሄዳል።

የተባለውን በተባለበት ቅደም ተከተል ልመልስ።

መጀመሪያ ምግቡ። «ሲሶ» የሚለው ወሬ እዚህ አሜሪካም በሻጮች አፍ የተለመደ ነው። እስቲ እናስላው። አንዲት ያደገች ሴት ያክ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ትመዝናለች። እዚህ ለሥጋ የሚያረቧት ላም ብዙ ጊዜ ከ550 ኪሎ በላይ ናት። የሚያመሰኳ እንስሳ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ስለዚህ 270 ኪሎ የምትመዝን ያክ በቀን 6 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ትበላለች። ይህ የላሟ ግማሽ ነው፤ ሲሶ አይደለም። ኮርማው ደግሞ 500 ኪሎን ስለሚያልፍ ከላም እኩል ሊበላ ምንም አይቀረው።

በኮሎራዶ ተራራ ግማሹ ዓመት በረዶ ነው። 6 ኪሎ በ180 ቀን ሲባዛ ከ10 ኩንታል በላይ ይመጣል። አንዱ ትንሽ እስር ድርቆሽ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ስለሆነ ለአንዲት ያክ 40 እስር ገደማ ማለት ነው። ለሦስት 120 እስር። ይህ ሁሉ ከበረዶ በፊት ተገዝቶ፣ ጣሪያ ሥር መግባት አለበት። ድርቅ በመታበት ዓመት ዋጋው የት እንደሚደርስ እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ጽሑፉ ስለ ድርቆሽ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ሁለት ኤከር ይበቃል የተባለውስ? መስኖ በሌለው የኮሎራዶ መሬት ላይ አንዲት ላም ዓመቱን ሙሉ ለመመገብ በአሥር የሚቆጠሩ ኤከሮች ይጠይቃል። በሁለት ኤከር ላይ ያክ ብትለቁ ሐምሌ ሳይደርስ መሬቱ አቧራ ይሆናል። ለነገሩ ያክ አጭር ሳር ጠርጎ በመብላት፣ በረዶ ፈንቅሎ ሥሩ ያለውን በማግኘት የሚደነቅ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ምንም ሳያስቀር ነው የሚግጠው።

«አንድ ያክ ይበቃል» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አይበቃም። ያክ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን የተተወ ያክ አጥር ለአጥር ሲመላለስ ይውላል፣ ከዚያ አንድ ቀን አጥሩን ጥሶ ይሄዳል። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ ቢቻል ከአንድ መንጋ የመጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጸሐፊው ያክ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይችላል ብለዋል። እውነት ነው፤ ይችላል። እሳቸው እዚህ ላይ አቆሙ። የሌላውን ወገን ግን አልነገሩንም። ያክ ከባድ ካፖርት ለብሶ የተወለደ እንስሳ ነው፤ ካፖርቱን የሚያወልቅበት መንገድ ግን የለውም። ላብ የማውጣት አቅሙ ደካማ ነው። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ አተነፋፈሱ መፍጠን ይጀምራል። ወደ 16 ሲደርስ የልብ ምቱም ይጨምራል። ለእኛ ሹራብ የሚያስደርብ አየር ለእሱ ሙቀት ነው ማለት ነው።

ጽሑፉ ደግሞ ከዴንቨር በስተ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ርካሽ ስለሆነ እዚያ ግዙ ይላል። ርካሽ ነው፤ ልክ ናቸው። በሐምሌ 35 ዲግሪ የሚደርስም እሱ ነው። በሙቀት የተያዘ ያክ አይቼ አውቃለሁ። ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ጎድኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። መብላት ያቆማል። አብረው ያሉት ሁሉ ውሃ ገንዳው አጠገብ ተደራርበው ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን ያሞቀዋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲደጋገም ክብደት ይቀንሳል፣ ሴቷም ላትፀንስ ትችላለች።

ሜዳ ላይ ያክ የሚያረቡ የሉም እያልኩ አይደለም፤ አሉ። ሰፊ ጥላ ሠርተው፣ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ እያስገቡ፣ እንስሳቱን የሚነኩት ማለዳ ብቻ እንዲሆን አድርገው ነው። ይህ ወጪ ነው፤ ድካም ነው። ያክ የሚኖርበት አገር ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዓለም ላይ ካለው 14 ሚሊዮን ያህል ያክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው በቻይና ውስጥ፣ በቲቤትና በቺንግሃይ ደጋ ነው። የቀረው ሞንጎሊያ፣ ኪርጊስታን፣ ኔፓል፣ ቡታን፣ ላዳክ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት።

«ሐኪም አይፈልግም» የሚለው ከሁሉም አሳዝኖኛል።

በአሜሪካ እርሻዎች ያክን ደጋግሞ የሚያስቸግረው አንዱ ነገር የመዳብ እጥረት ነው። ምልክቱ ከፀጉሩ ይጀምራል። ጥቁር የነበረው ያክ ትከሻውና ጎኑ ላይ ዝገት የመሰለ ቀለም ያወጣል። በፀደይ መርገፍ የነበረበት ፀጉር ተንጨባሮ እላዩ ላይ ይቀራል። ጥጆች ደካማ ሆነው ይወለዳሉ። ፀሐይም ፀጉር ስለምታደበዝዝ በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ምርመራ ያስፈልጋል። የኮሎራዶ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በመኖው ውስጥ ሞሊብዲነም የሚባለው ማዕድን፣ በውሃው ውስጥ ድኝ ሲበዛ መዳቡን ይይዙታል፤ እንስሳው ቢበላም አይጠቀምበትም። ሌድቪል አጠገብ ያለው የክላይማክስ ማዕድን ማውጫ የሚያወጣው ይኸው ሞሊብዲነም ነው። መሬቱ ውስጥ ያለ ነገር ሳሩ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ድርቆሹ ይመረመራል፣ ውሃው ይመረመራል፣ ከዚያ ሐኪሙ ስንት መዳብ በምን መልክ እንደሚሰጥ ይወስናል። ዝም ብሎ መስጠትም አይቻልም፤ መዳብ ሲበዛ መርዝ ነው።

ከበግ ጋር ቀላቅሉ የተባለውም እዚህ ላይ ይመጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ለበግ የሚሸጠው የማዕድን ጨው መዳብ የለውም፣ ምክንያቱም መዳብ በግን ቶሎ ይገድላል። ለያክ የሚሆነው ጨው ደግሞ መዳብ ያለው ነው። በአንድ ገንዳ ሁለቱን ማስላስ አይቻልም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። በጎች ማሊግናንት ካታራል ፊቨር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ይሸከማሉ። እነሱ አይታመሙበትም። ያክን ሲይዘው ግን ትኩሳቱ ይወጣል፣ ከአፍንጫና ከዓይን ፈሳሽ ይወርዳል፣ ዓይኑ ይደፈርሳል፣ አፉ ይቆስላል። መድኃኒት የለውም፤ ለበጎቹ የምትሰጡት ክትባትም የለም። በአብዛኛው መጨረሻው ሞት ነው። ሐበሻ መሬት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያስበው በግ ነው፤ ለፋሲካ፣ ለአረፋ፣ ለእንግዳ። ስለዚህ ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። በግ ያለው ሰው ያክ ከማስገባቱ በፊት ደጋግሞ ያስብ። ጎረቤታችሁም በግ እንዳለው ጠይቁ።

ጥገኛ ትሎችም አሉ። የሳንባ ትልና የጨጓራ ትል ከደረቅና ቀዝቃዛ ደጋ ወርዶ እርጥብ መስክ ላይ የሚግጥን ያክ ይጎዳሉ። በዚያ ላይ ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ያክ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ለላም የተሠራው የብረት መያዣም ለያክ ሰፊ ቀንድ አይመችም። ሐኪሙን ከመጥራታችሁ በፊት እንስሳውን የምትይዙበት ቦታ ራሱ መሠራት አለበት።

ጠባዩን በተመለከተ «እንደ ውሻ ለማዳ» ተብሏል። ከልጅነቱ የተገራ ያክ በእርግጥ የዋህ ነው። ስም ሲጠሩት ይመጣል፣ ማበጠሪያ ሲያይ ይቆማል። የወለደች ሴት ያክ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ሴቷም ቀንድ አላት። የጥጃዋን እትብት አዮዲን ልትቀቡ ስትጠጉ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ከመጣች ቀልድ የለም። ድምፅዋም እንደ ላም እምቧ አይደለም፤ ከጉሮሮ የሚወጣ አጭር ጉርምርምታ ነው። ያን ስትሰሙ ወደ ኋላ ሂዱ። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ይህን ልብ በሉ።

ወተት። ጽሑፉ በቀን 10 ሊትር ብሏል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ መገመት እንኳ ይከብዳል። ጥጃዋን እያጠባች የምትታለብ ያክ በቀን የምትሰጠው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህል ነው። ጡቷ ላይ ያሉት ጫፎች ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። በመዳፍ አይጨበጡም፤ በጣት ጫፍ ነው የሚታለበው። ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቱን አትለቅም። አገር ቤት ላም ያለበ ሰው ይህ አይገርመውም። ጥጃ ቀድሞ ጡት አስነክቶ ማለብ የእናቶቻችን ሥራ ነበር።

ወተቱ ግን ወፍራም ነው፤ ከ6 እስከ 7 በመቶ ቅባት አለው። የቲቤት ሰዎች ቅቤውን በጨው ሻይ ውስጥ መትተው ይጠጡታል። ቡና በጨውና በቅቤ የሚጠጣበት ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ አንድ ስኒ ቢቀምስ እንግዳ አይሆንበትም።

ለንግድ ይሁን ሲባል ግን ኔፓልን ማየት ነው። በላንግታንግ ሸለቆ በ1950ዎቹ በስዊስ ባለሙያዎች እገዛ የተቋቋመው የአይብ ማምረቻ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እዚያ ወተቱን የሚያቀርቡት ብዙ አርቢዎች ናቸው፤ ከያክና ከላም የተዳቀሉትም አብረው ይታለባሉ። ሁለት እንስሳ ያለው አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይብ ሠርቶ ገበያ አላወጣም። እዚህ የቤት እንስሳት መደብር ውስጥ ውሻ እንዲያኝከው የሚሸጠው ጠንካራ የሂማሊያ አይብም ብዙውን ጊዜ የላም ወተት ተቀላቅሎበት የሚሠራ ነው።

«እንግዲያው ከሆልስታይን የወተት ከብት ጋር አዳቅሉት» ለሚለው፦ ዲቃላዋ ሴት ከያክ የተሻለ ወተት ትሰጣለች፣ ትወልዳለችም። ወንዱ ዲቃላ ግን መካን ነው። ያክ የምትወልደው ጥጃ ከ15 ኪሎ ብዙ አያልፍም። የሆልስታይን ጥጃ 40 ኪሎ ነው። ያቺን ትንሽ እናት ለዚህ መዳረግ ምን ዓይነት ምጥ እንደሚያመጣ አስቡት። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በአላስካ ፌርባንክስ ያክን ከጋሎዌይ ከብት ጋር ሲያዳቅሉ ቆይተው በ1930ዎቹ ትተውታል።

ስለ ፀጉሩ ብዙ አልልም። ከውጭ ያለው ሻካራ ነው፤ ለገመድና ለድንኳን ይሆናል። ከሥሩ ያለው ስስ ፀጉር ካሽሚር ከሚባለው ውድ የፍየል ፀጉር ጋር የሚወዳደር ነው። በግንቦት አካባቢ ከጎኑ መነሳት ሲጀምር በማበጠሪያ ይወሰዳል። አንዱ ያክ በዓመት የሚሰጠው ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ ሻካራው ተለቅሞ ሲወጣ የሚቀረው ትንሽ ነው። ለምትፈትል እናት ግሩም ነገር ነው። የቤት ብድር ግን አይከፍልም።

ሥጋው ጥሩ ነው፤ ይህን እኔም እመሰክራለሁ። ቀይ፣ ስብ የሌለው፣ ለክትፎ የሚሆን። ጮማ የሚፈልግ ሰው ግን አያገኝም። ይበላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ያመሰኳል። ጽሑፉ የዘለለው ጊዜውን ነው። የበሬ ሥጋ በሁለት ዓመት ለገበያ ሲደርስ ያክ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ሴቷም የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው በሦስትና በአራት ዓመቷ ነው፤ ከዚያም በየዓመቱ ላትወልድ ትችላለች። ጊደር የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ገቢ እስኪያይ ዓመታት ድርቆሽ ይገዛል። የቄራው ነገርም አለ። የላም ሥጋ የፌዴራል ምርመራ በመደበኛው ሰዓት በመንግሥት ወጪ ነው። ያክ በፈቃደኝነት ከሚመረመሩት ስለሚመደብ ለመርማሪው በሰዓት ይከፈላል። ያ ክፍያ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው።

በመጨረሻ አገር ቤት። ጸሐፊው ከገብስ በላይ ያለው የኢትዮጵያ ደጋ «ሥራ ፈት» ነው ብለዋል። የመንዝ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? ጓሳ የሚባለው የመንዝ የሳር ምድር ባዶ መሬት አይደለም። ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት መጠበቂያ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ የጠበቀው ነው። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በድርቅ ዓመት ደግሞ ለከብት ሕይወት ማትረፊያ ይሆናል። በባሌ የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ሳርና አይጥ ቀይ ቀበሮን ያኖራል። በዓለም ላይ ያደጉት ከ500 ያነሱ ብቻ የቀሩ እንስሳ ናቸው። በሰሜን ተራሮች ዋሊያና ጭላዳ አሉ። እነዚህ ቦታዎች አሁን ያለው የቤት ከብት ግጦሽ ራሱ ከብዷቸዋል። የሚያስፈልጋቸው ሌላ አፍ አይደለም።

ያኩስ ምን ይገጥመዋል? መንዝ የበግ አገር ነው። ባናው የሚሠራው ከበጉ ፀጉር ነው። ያን የበግ ቫይረስ ከላይ አንስቻለሁ። አባ ሰንጋ አለ፣ አፍተግር አለ፣ የቆዳ እብጠት አለ። ሁሉም ያክን ይይዙታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ። ከውጭ የገባ ከብት በዚህች አገር ላይ ያደረሰውን እኛ መርሳት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምፅዋ ያስገቡት ከብት ሪንደርፔስት የሚባለውን ከብት ጨራሽ በሽታ ይዞ መጣ። አብዛኛው የአገሪቱ ከብት አለቀ፤ በሬ ጠፍቶ እርሻ ቆመ፤ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ ተከተለ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላው የከብት በሽታ ግን አልጠፋም። ደጉን በማሰብ እንኳ ቢሆን የባዕድ ከብት በጭነት ተራራ ላይ ማውጣት በግለሰብ ጉጉት የሚደረግ ነገር አይደለም። የመንዝን ገበሬ መርዳት ለሚፈልግ የገበሬው የራሱ በግ አለ። ማኅበረሰቡ ራሱ አውራዎችን መርጦ የሚያሻሽልበት ሥራ እዚያው አለ፤ እሱን መደገፍ ይቻላል።

ቀብድ ልትከፍሉ ለተዘጋጃችሁ ደግሞ፦ በየዓመቱ ጥር ላይ በዴንቨር በሚካሄደው ናሽናል ዌስተርን ስቶክ ሾው ያኮች ይቀርባሉ። ሂዱና ከአርቢዎቹ ጋር ተነጋገሩ፤ ደስ የሚሉ፣ የማይሰለቹ ሰዎች ናቸው። ግዢውን ግን እዚያ አትጨርሱት። ሻጩን በሐምሌ እኩለ ቀን እርሻው ላይ ጎብኙት። እንስሳቱ ሲተነፍሱ እዩ። የብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀት ጠይቁ፤ መዳብ በምን መልክ እንደሚሰጣቸው ጠይቁ፤ ከበግ ጋር ውለው እንደሆነ ጠይቁ። ያለፈው ክረምት ድርቆሽ ስንት እንዳስወጣው በደረሰኝ እንዲያሳያችሁ ለምኑት።